12 እናት አሳማዎችን ወደ 100 ማሳደግ፦ ስሌታችን የቱ ላይ ተሳሳተ?

ጥያቄ (ጠያቂዋ፣ ከቢሾፍቱ ዙሪያ)

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ከቢሾፍቱ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ይዞታችን ላይ ላለፉት አራት ዓመታት 12 እናት አሳማዎችንና አንድ አውራ ይዘን ስናረባ ቆይተናል። የምናቀርበው አዲስ አበባ ላሉ አንድ ሥጋ ቤትና ሁለት ምግብ ቤቶች ሲሆን፣ እስካሁን ገዢ አጥተን የቆየንበት ጊዜ የለም። አሁን አንድ ዘመዳችን ገንዘብ ሊያዋጣ ስለ ፈቀደ እርባታውን ወደ 100 እናቶች ለማሳደግ አስበናል።

ያሰላነው እንዲህ ነው። አንዲት እናት በዓመት ሁለት ጊዜ 12፣ 12 ግልገል ብትወልድ 100 እናቶች 2,400 አሳማ ይሰጡናል። መኖውን በአብዛኛው ከሆቴሎች ትርፍራፊና ከቢራ አተላ እንሸፍናለን። አሳማ ጠንካራ እንስሳ በመሆኑ ለሕክምና ብዙ አልመደብንም። የአፈሩን ወለል ትተን ንጹሕ የሲሚንቶ ወለል ያለው አንድ ትልቅ ቤት እንሠራለን፤ የጎደሉትን 88 እንስቶች ከአንድ እርባታ በአንድ ጊዜ እንገዛለን፤ ፍጉን ደግሞ ለአትክልት አምራቾች እንሸጣለን። ለሥራው አራት ሠራተኛ ይበቃል ብለናል። ገንዘቡ ከመፍሰሱ በፊት፣ ሥራውን የምታውቁ ሰዎች የተሳሳትንበትን ሳትሸሽጉ እንድትነግሩን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ (የቀድሞ ባለ 60 እናት አርቢ)

እኅቴ፣ ስሌትዎን ከማረሜ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባለፈው ዓመት ከ12ቱ እናቶችዎ የተገኘውን ቆጠራ በመዝገብ ይዘዋል? በአንድ ወሊድ በአማካይ ስንት ግልገል በሕይወት ተወለደ፣ ከእነዚያስ ስንቶቹ ጡት እስኪጥሉ ደረሱ፣ እናቶቹስ በዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ ወለዱ? የመቶውን እርባታ ውጤት የሚነግርዎ የራስዎ ደብተር እንጂ በቪዲዮ ያዩት የሌላ አገር እርባታ አይደለም።

ጠያቂዋ

ደብተር ይዘናል። በሕይወት የተወለዱት በአማካይ 9.8፣ ጡት የጣሉት 7.9 ናቸው። አንዳንዶቹ ከአውራ ጋር ተገናኝተው ሳይፀንሱ ስለሚቀሩ እናቶቹ በዓመት የወለዱት በአማካይ 1.9 ጊዜ ነው።

መልስ (የቀድሞ ባለ 60 እናት አርቢ)

ደብተሩ ስላለ ሥራው ቀሎልናል። 100 እናቶች በ1.9 ወሊድና በ7.9 ግልገል ሲባዙ 1,500 ገደማ ግልገሎች ጡት ይጥላሉ። ከእነዚህ ሲያድጉ ከመቶ አራቱ ቢሞቱ፣ ያረጁትን እናቶች ለመተካትም 35 ያህል እንስት ቢያስቀሩ፣ ለሽያጭ የሚቀርቡት 1,400 ናቸው። ካሰቡት 2,400 ጋር ያለው ልዩነት 1,000 አሳማ ነው፤ የዘመድዎ ገንዘብ የሚመለሰው ደግሞ በዚያ 1,000 ላይ ተመሥርቶ እንደ ነበር እገምታለሁ።

ይህ ግን ቀላሉ ስህተት ነው፤ የሚከብደው ገበያው ነው። 1,400 አሳማ በ52 ሳምንት ሲካፈል በየሳምንቱ 27 አሳማ ማለት ነው። እያንዳንዱ በ90 ኪሎ ቢታረድና ከዚያ 65 ኪሎ ያህል ሥጋ ቢገኝ፣ በየሳምንቱ ከ1,700 ኪሎ በላይ ሥጋ የሚረከብዎ ሰው ያስፈልግዎታል። አሁን የሚሸጡት በሳምንት ሦስት ወይም አራት አሳማ ነው። ሦስት አሳማ ሳይተርፍ መሸጡ ሃያ ሰባቱም ይሸጣል ለማለት አያበቃም። አብዛኛው የአገራችን ሰው፣ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም፣ በእምነቱ ምክንያት የአሳማ ሥጋ አይበላምና ገዢዎቻችን ጥቂት ሆቴሎች፣ የውጭ አገር ሰዎች የሚበዙባቸው ምግብ ቤቶችና የፕሮጀክት ካምፖች ናቸው። የበሬ ሥጋ ነጋዴ አንድ ደንበኛ ቢሄድበት ሰፈሩ በሙሉ ይቀርለታል፤ እኛ ግን አንድ ደንበኛ ሲሄድ የሚተካው ሰው በአካባቢው የለም።

በእኔ የደረሰውን ልንገርዎ። 60 እናት በነበሩኝ ጊዜ ከምርቴ ሲሶውን ይወስድ የነበረ አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሥራውን ጨርሶ ተነሣ። የተነገረኝ ከመነሣቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር። ፋብሪካ ቢሆን ማሽኑን አጠፋለሁ፤ አሳማ ግን የዛሬ አሥር ወር የሚታረደው ዛሬ በእናቱ ማኅፀን የተያዘው ስለሆነ ማስቆም አይቻልም። በረቱ ሞላ፤ 110 ኪሎ ያለፉት በየቀኑ ብዙ መኖ እየበሉ ስብ ብቻ ይጨምሩ ጀመር፤ ገዢዎቹም ስቡን አይተው ዋጋ ቀነሱ። ዛሬ የቀሩኝ 25 እናቶች ናቸው፤ በዚህም ደስተኛ ነኝ።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)

ስለ ገበያው የተባለውን ትቼ፣ እንቅልፍ ወደ ነሳኝ የሆቴል ትርፍራፊ ልሂድ። አሳማ ያገኘውን ሁሉ መብላቱ እውነት ነው፤ የበላው ሁሉ ይስማማዋል የሚለው ግን ከአፍሪካ የአሳማ ወረርሽኝ ጋር ሲገናኝ እርባታን በአንድ ወር ባዶ የሚያደርግ ስህተት ነው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1921 በኬንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመዝግቦ የተገለጸ ሲሆን፣ መድኃኒት የለውም፤ ከባዱ ዓይነት የያዛቸውን አሳማዎች ሁሉ ለማለት በሚቻል መጠን ይገድላል። ሰውን አይዝም። ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ እርባታዎች በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ቀድሞ ያልታወቀ 23ኛ የዘረመል ዓይነቱን ስለ ለዩ፣ የሩቅ አገር በሽታ ነው ብለን የምንተወው አይደለም።

ቫይረሱ በቀዘቀዘ፣ በጨው በታሸና በደረቀ የአሳማ ሥጋ ውስጥ ለወራት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2007 በሽታው ጥቁር ባሕር ዳር ወዳለችው ጆርጂያ የገባው ከመርከብ ወርዶ ለአሳማ በተሰጠ የምግብ ትራፊ ሳይሆን እንደማይቀር ይታመናል፤ ከዚያም ተነሥቶ በ2018 ቻይና ደረሰ። አሁን ደግሞ የራስዎን ሁኔታ ያስቡ። ትርፍራፊውን የሚያመጡት የአሳማ ሥጋ ከሚሸጡላቸው ምግብ ቤቶች ነው። ከእርስዎ፣ ከጎረቤት እርባታና ከሌላም ቦታ የመጣ ሥጋ አንድ ባልዲ ውስጥ ተቀላቅሎ ወደ በረትዎ ይመለሳል ማለት ነው። በ12 እናት ጊዜ አደጋው አልነበረም አልልም፤ ነገር ግን ለመቶ እናቶች ከአሥር ሆቴል ሲሰበስቡ አሥር በር ይከፍታሉ፤ ሲገባም የሚሞተው መቶውና ልጆቻቸው ናቸው።

መልስ (የሆቴል ትርፍራፊ ተጠቃሚ)

ሐኪሙን አከብራለሁ፤ ሆኖም እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ትርፍራፊ አብልቼ አንድም ቀን ወረርሽኝ አልገጠመኝም። ሠራተኞቼ በበርሜል ያፈሉታል። መኖ በዚህ ዋጋ እየተሸጠ ትርፍራፊ አቁሙ ማለት እርባታውን ዝጉ ማለት ነው።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)

የዋጋውን ነገር አልክድም። ማፍላትም የታወቀ መንገድ ነው፤ ተቀባይነት ያለው ልክ ግን ትርፍራፊው እየተማሰለ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያንስ ለ60 ደቂቃ መቆየቱ ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ እዚያ ውኃ የሚፈላው በ93 እና በ94 ዲግሪ መካከል ነው፤ ስለዚህ 90 ዲግሪ ማለት በርሜሉ ሊፈላ ጥቂት በቀረው ልክ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲንተከተክ መቆየት ነው እንጂ እንፋሎት ሲያወጣ ማውረድ አይደለም። ያንን ያህል ማገዶ በየቀኑ ለአንድ ቶን ትርፍራፊ ሲያሰሉት የበቆሎውን ዋጋ እንዳይበልጥ እሰጋለሁ። በተጨማሪም ጥሬው የመጣበት ባልዲና የፈላው የሚቀርብበት ባልዲ አንድ ከሆነ ማፍላቱ ከንቱ ነው። ስምንት ዓመት በደኅና መክረምዎ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ይህ እስካሁን ቫይረሱ ያለበት ሥጋ ወደ በርሜልዎ አለመግባቱን እንጂ ዘዴዎ መከላከሉን አያሳይም።

መልስ (መኖ አቀናባሪ)

ስለ ወረርሽኝ ባለሙያው ተናግሯልና እኔ ወደ ኩንታሉ ልመለስ። አንድ አሳማ ጡት ከጣለ ጀምሮ 90 ኪሎ እስኪደርስ በእኛ ሁኔታ 2.8 ኩንታል ያህል ደረቅ መኖ ይበላል፤ አንዲት እናት ደግሞ በዓመት 11 ኩንታል ያህል ትፈልጋለች። ሁሉም ሲደመር በዓመት 5,100 ኩንታል፣ በቀን 14 ኩንታል ይሆናል። ከእርባታ ወጪ ሁለት ሦስተኛው ወይም ከዚያ በላይ መኖ ነው፤ ስለዚህ የቤቱን አሠራር ከማስላት በፊት 14ቱ ኩንታል በየቀኑ ከየት እንደሚመጣ ሊመለስ ይገባል።

የቢራ አተላን እንደ መኖ በሚዛን አይቁጠሩት። ትኩሱ አተላ ከአምስት እጁ አራቱ ውኃ ነውና አንድ ኩንታል አተላ ሲገዙ የሚገባልዎ 20 ኪሎ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ደረቅ መኖ ነው፤ በሙቀት ወራት ደግሞ በሁለትና በሦስት ቀን ይሻግታል። አሰሩም ስለሚበዛ ለፀነሱ እናቶች በልኩ ቢስማማም፣ በማደግ ላይ ላለ አሳማ ዋና ምግብ ሊሆን አይችልም። አሳማ እንደ በሬ አያመነዥክም፤ ሆዱ ወደ ሰው ሆድ ይቀርባል። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ብቻ አብልተው በስድስት ወር ለገበያ አደርሳለሁ የሚሉ ሰዎች ዘጠኝ ወር ሲፈጅባቸው ዘሩን ይወቅሳሉ፤ ጥፋቱ ግን ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ማነስ ነው። በቆሎው ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑን አኩሪ አተር ይሙላው፤ ጥሬው አኩሪ አተር ግን የፕሮቲንን መፈጨት የሚያግድ ነገር ስላለው በደንብ ተቆልቶ መሰጠት አለበት። እግረ መንገዴን፣ እርጥበት ይዞ የተከማቸ በቆሎ ከሻገተ ገና ያልወለዱ እንስቶች ወንድ ሳያስፈልጋቸው ብልታቸው ሲያብጥ ያያሉ፤ ብዙዎች ድራት (አውራ የመፈለጊያ ጊዜ) መስሏቸው አውራ ያስጠጉባቸዋል። ሻጋታው ከሚያመነጨው መርዝ የመጣ ነው።

ያጠቡትንና የፀነሱትን አንድ ገንዳ ላይ ማብላትም በትልቅ እርባታ ኪሳራ ነው። የፀነሰች እናት በቀን ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ይበቃታል፤ ከዚያ ካለፈ ትወፍርና መውለድ ይቸግራታል። የምታጠባዋ ግን 5 እና 6 ኪሎ ካላገኘች ከስታ ጡት ካስጣለች በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ መምጣት የነበረበት ድራት ይዘገያል። የእርስዎ 1.9 ወሊድ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

መልስ (ዴንማርክ ውስጥ በአሳማ እርባታ የሠራ)

በአማርኛ ቪዲዮዎች የሚነገሩት ቁጥሮች አብዛኛዎቹ እኔ ከሠራሁበት ዓይነት ቦታ የመጡ ናቸው። እዚያ አንዲት እናት በዓመት ከ30 በላይ ግልገል ጡት ታስጥላለች፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከቁጥሩ በስተጀርባ ለብዙ ትውልድ የተመረጠ ዘር፣ በየሰዓቱ የሚቆጣጠሩት ሙቀት፣ በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚደረግ ማዳቀልና ወሊድ ላይ የሚያድር ሰው አለ። ዘሩን ብቻ አስመጥቶ ቁጥሩን መጠበቅ ትርጉም የለውም።

ከዚያ ልወስድልዎ የምችለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ አንድ ትልቅ ቤት አይሥሩ። በሳምንት አራት ያህል እናቶች እንዲወልዱ ካቀዱ፣ እያንዳንዷ ከመውለዷ አንድ ሳምንት በፊት ገብታ አራት ሳምንት ካጠባችና ቦታው አንድ ሳምንት ታጥቦ ከደረቀ፣ የሚያስፈልግዎ 24 የመውለጃ ቦታ ነው፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ያለ ቦታዋ የምትወልድ እናት ልጆቿን ትተኛባቸዋለች። ቤቶቹ ተለያይተው አንዱ ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆኖ የሚታጠብበት ጊዜ ከሌለ፣ የታላላቆቹ ተቅማጥ በየተራ ወደ አዲሶቹ ይወርዳል። ሁለተኛው ሻወር ነው። እኛ በረት ከመግባታችን በፊት ታጥበን የእርባታውን ልብስ እንለብስ ነበር። ይህንን ያየ ጓደኛዬ አሳማ ቆሻሻ ስለሆነ ነው የምትታጠቡት ብሎኝ ነበር፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ የምንታጠበው ከውጭ ያመጣነውን ይዘን እንዳንገባ ነው። አሳማ እንዲያውም ቦታ ከተሰጠው ከሚተኛበት ርቆ የሚጸዳዳ እንስሳ ነው። ጭቃ ውስጥ የሚንከባለለው እንደ ሰው አልቦት መቀዝቀዝ ስለማይችል ነው።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)

ስለ ሲሚንቶ ወለሉ ሳልናገር ቀርቼ ነበር። ወለሉ ለማጠብ ይመቻል፤ ነገር ግን እስካሁን ያልገጠማችሁን ሁለት ችግር ይዞ ይመጣል። የአሳማ ወተት የብረት ማዕድኑ ጥቂት ነው፤ በአፈር ላይ ያደጉ ግልገሎቻችሁ አፈሩን እየቆፈሩ ያገኙት ነበር። ሲሚንቶ ላይ ግን በተወለዱ በሦስት ቀን ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ብረት በመርፌ ካልተሰጣቸው ገርጥተው ይደክማሉ፤ እናንተም በሽታ ገባ ብላችሁ አንቲባዮቲክ ትገዛላችሁ። ሌላው ቅዝቃዜው ነው። አዲስ የተወለደ ግልገል 32 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፤ እናቱ ደግሞ ከ20 ብዙ ካለፈ ትጨነቃለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የእናንተ አካባቢ ሲሚንቶ በረዶ ነውና መብራት በጠፋ ቁጥር የማይጠፋ ነገር፣ ጭድ የተነጠፈበትና ክዳን ያለው የግልገል ሣጥን፣ ከአምፖሉ ጋር ጎን ለጎን አዘጋጁ። በእርስዎ መዝገብ በ9.8 እና በ7.9 መካከል ያሉት ሁለት ግልገሎች በአብዛኛው የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች በብርድና በእናት መተኛት ነው።

መልስ (የቀድሞ ባለ 60 እናት አርቢ)

ሠራተኛና ጎረቤትን በተመለከተ ልጨምር። አራት ሰው ለቀኑ ይበቃል፤ ለወሊድ ሌሊትና ለእሑድ ግን አይበቃም። ሠራተኛ ማግኘትም እንደ ከብት እርባታ ቀላል አይደለም። በእምነቱ የተነሣ አሳማ መንካት የሚከብደው፣ ሥራውን ይዞም ለቤተሰቡ ዶሮ እርባታ ነው የምሠራው የሚል ልጅ ነበረኝ። እንዲህ ያለውን ሰው አይናቁት፤ መታጠቢያና የልብስ መቀየሪያ ካገኘ ከማንም በላይ ታማኝ ይሆናል። መጸዳጃ ቤትም ይሥሩላቸው። የአሳማ ኮሶ ከአሳማ ብቻ የሚነሣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አሳማው ግን የሚያዘው የትል ዕንቁላል ያለበትን የሰው ዓይነ ምድር በመብላት ነው።

ፍጉን እንሸጣለን ያሉት ላይ አልስማማም። ከማጠቢያው ውኃ በፊት ብቻ በቀን ከ3,000 ሊትር በላይ ፍሳሽ ይወጣል፤ አትክልተኛው ደግሞ የሚፈልገው በዘር ወቅት ነው። በቀረው ጊዜ የት ያስቀምጡታል? ጉድጓድ ካደረጉለት ሰው ወደ ውስጥ እንዳይገባ አጥብቀው ይከልክሉ። በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ጥቂት ሲሆን እንደ ተበላሸ ዕንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን አደንዝዞ ሰውን በደቂቃዎች ይጥላል፤ ለማውጣት የሚገባውም አብሮ ይቀራል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከባለቤቴና ከዘመዳችን ጋር ተቀምጠን ምላሾቹን በሙሉ አነበብን። ለጊዜው 100 የሚለውን ትተን በመጀመሪያው ዓመት ወደ 30 እናቶች ልናድግና በሳምንት ስምንት አሳማ የሚወስዱ ደንበኞችን በጽሑፍ ውል ልንይዝ ወስነናል። የሆቴል ትርፍራፊውንም እናቆማለን። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ 18ቱን እንስቶች ከአንድ ቦታ በአንድ ቀን መግዛት ስህተት ነውን? ስንገዛስ ምን እናድርግ?

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)

ከአንድ ቦታ መግዛቱ ለጤና ይሻላል፤ ከአምስት ቦታ ከመጡ የአምስት ቦታ በሽታ ይዘው ይመጣሉ። ስህተቱ አውራውንም ከዚያው መግዛት ነው፤ እኅትና ወንድም እንዳይገናኙ አውራውን ከሌላ እርባታ ያምጡ፤ ለ30 እናት ደግሞ ሁለት አውራ ያስፈልግዎታል። 18ቱን በአንድ ቀን ማምጣትም ሁሉም በአንድ ሰሞን እንዲፀንሱና በአንድ ሰሞን እንዲወልዱ ያደርጋል፤ ስድስት ስድስት አድርገው በየሁለት ወሩ ቢያስገቧቸው ለሳምንታዊው ውልዎ ይመቻል። በየጊዜው የሚመጡትን ከነባሮቹ ርቀው፣ የራሳቸው ባልዲና ጫማ ባለው ጋጣ ቢያንስ 30 ቀን ያቆዩዋቸው፤ የሚጠብቃቸው ሰው መጀመሪያ ነባሮቹን ጨርሶ በመጨረሻ ወደ እነርሱ ይሂድ። የአምስት ወር እንስት ገዝተው በስምንት ወሯ ብታስጠቋት፣ 114 ቀን ተሸክማ ልጆቿ በስድስት ወራቸው ቢሸጡ፣ ከግዢ እስከ መጀመሪያው ሽያጭ አሥራ ሦስት ወር ይፈጃልና የመኖውን ገንዘብ ለዚያ ጊዜ ያስቀምጡ። አሳማ ሊጭን የሚመጣ መኪና ደግሞ ከአጥር ውጭ ይቁም፤ አሳማዎቹ በራስዎ ጋሪ እስከ በር ይውጡ እንጂ ከሌላ እርባታ የመጣ ጎማ በረትዎ ደጃፍ አይድረስ።